ስትሞቅ የምታነክስ ቮልስ

ጠዋት ጠዋት የአባቴ ቮልስ እንከን አልነበራትም። በሽሮ ሜዳ ብርድ ቁልፉ ገና ሲዞር ትነሳለች፣ ጭሷን ትንሽ ትተፋና ቁልቁል ወደ ስድስት ኪሎ ትወርዳለች። ጣጣው ከሰዓት በኋላ ነበር። ከልደታ ተነስተን፣ በለገሃር ዞረን፣ የቸርችልን ጎዳና ሽቅብ ወጥተን ማዘጋጃ ቤት ጋ ስንቆም ሚኒሞዋ፣ ማለትም ቆማ የምትመታበት ዝቅተኛ ዙር፣ ይረበሻል። ሁለት ጊዜ ደህና ትመታለች፣ አንዱን ትስታለች፣ ደግሞ ትመታለች። መሪው ይንቀጠቀጣል፤ መስታወቱ በበሩ ውስጥ ይንኳኳል፤ እናቴ ዘንቢሏን በሁለት እጇ ትይዛለች። አባቴ የቀኝ እግሩን ጫፍ ፍሬኑ ላይ፣ ተረከዙን ቤንዚኑ ላይ አድርጎ ካላባበላት ድርግም ትላለች። መንገዱ ተከፍቶ ቤንዚን ሲሰጣት ግን ምንም እንዳልነካት ሁሉ ወደ ፒያሳ ትፈተለካለች።

እ.ኤ.አ. የ1968 ሥሪት ቮልስዋገን 1300 ነበረች። 1285 ሲሲ፣ 40 የፈረስ ጉልበት፤ አራቱ ሲሊንደሮቿ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተጋደሙ፣ ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ፣ ራዲያተር የማታውቅ፣ በንፋስና በሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ብቻ የምትቀዘቅዝ መኪና። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ያልነበረበት ሰፈር አላስታውስም። መምህሩ፣ ነርሷ፣ ጸሐፊው፣ ቄሱ ሳይቀሩ ይነዷት ነበር። የአገራችን ታሪክም ውስጥ ገብታለች፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን መውረዳቸው ከተነበበላቸው በኋላ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። የእኛ ሰፈር ሰዎች ይህን ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ የአባቴን መኪና እያዩ የሚያወሩም ነበሩ።

በደርግ ጊዜ መኪና መቀየር ለመምህር የሚታሰብ ነገር አልነበረም። ያለህን ይዘህ ትኖራለህ፤ ስትታመም ታሳክማታለህ። ስለዚህ አባቴ ሚኒሞዋ መረበሽ እንደ ጀመረ ከተማው መሐል ወደሚገኝ አንድ ትልቅ ጋራዥ ወሰዳት። ካንዴላዎቿን ቀየሩ። ከሰዓት በኋላ ያው ሆነች። ቦቢናዋን ቀየሩ። ያው ሆነች። ካርቡራተሩን ፈትተው በቤንዚን አጠቡ፣ መልሰው ገጠሙ፣ በካቻቢቴ የቅልቅሉን ብሎን ወዲህና ወዲያ አዞሩ፤ ለአንድ ሳምንት ያህል የተሻላት መሰለች፤ ከዚያ ቤንዚን መጠጣት ጀመረች፣ ማርሚታዋ ጠቆረ፣ በሽታዋም ተመለሰ። በመጨረሻ የጋራዡ ሰው፣ «መምህር፣ ይሄ የከፍታ ጉዳይ ነው። ይህች መኪና ለጀርመን አገር የተሠራች ነች» አለው።

ይህ አነጋገር እውነት የሌለበት አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ የሚያወርደው ቤንዚን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ቅልቅሉ ይወፍራል። 40 የተባለው የፈረስ ጉልበትም እዚህ ወደ 30 ይወርዳል። ጭሱና የጠቆረው ካንዴላ ለዚህ ምስክር ይመስላሉ። አባቴም ተቀበለው። ከዚያ በኋላ ለወራት በተረከዙ እያባበለ ነዳት።

ወደ ባሻ ያደረሰን የእናቴ ወንድም ነው። ባሻ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ዕድሜያቸውን የጨረሱት በጦር ሠራዊቱ ጋራዥ ነበር። ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ ሁሉም ባሻ ነው የሚላቸው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ፣ አንድ የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር፣ ከአንድ የእንጨት ጠረጴዛና ከአንድ ሣጥን መፍቻ ጋር ይሠሩ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል እየተንሸራተትን ሄድን። ባሻ የኋላውን ኮፈን ከፍተው እጃቸውን ማራገቢያው ላይ ጣል አደረጉና መልሰው ዘጉት።

«መምህር፣ ይቺ ገና አልነቃችም። በሽታዋን ትደብቃለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተው የለም? ይሂዱና እንጦጦ ጫፍ ድረስ ወጥተው ይምጡ። እንዳያጠፏት።»

«ባሻ፣ ቤንዚኑ እኮ...»

«እንደገና ካንዴላ ከሚገዙ ቤንዚኑ ይረክሳል።»

እንጦጦ ወጥተን ተመለስን። ግቢው ውስጥ ስንቆም ቮልሷ ማዘጋጃ ቤት ጋ እንደምታደርገው ማነከስ ጀመረች። ባሻ ዱካቸውን ከኋላ አድርገው ተቀመጡ፤ ምንም አልነኩም። እኔ ያን ጊዜ አሥር ዓመት የማይሞላኝ ልጅ ነበርኩና ዝም ብለው መቀመጣቸው አስደነቀኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ አባቴ አዙረው ይጠይቁት ጀመር። ስትሄድ ነው የምታመው ስትቆም? ሽቅብ ስትወጣ ትዳከማለች? ቤንዚን ሲሰጧት ወዲያው ትስተካከላለች ወይስ ታመነታለች? ጠፍታ ስትነሳ ወዲያው ትነሳለች ወይስ እስክትቀዘቅዝ ትጠብቃለች? አባቴ ክፍል ውስጥ ጠያቂው እሱ ነበር፤ እዚህ ግን እንደ ተማሪ ቆሞ ይመልስ ነበር።

አባቴ ስለ ከፍታው የተነገረውን ሲነግራቸው ባሻ የሰጡት መልስ ዛሬም ከአእምሮዬ አልወጣም። «ከፍታውማ አለ። ግን ሽሮ ሜዳ ጠዋትም ከሰዓትም እዚያው ነው፤ ከፍ ዝቅ አይልም። እሷ ጠዋት ደህና ሆና ከሰዓት ከታመመች፣ የተለወጠውን ነው የምንፈልገው። የተለወጠው ሙቀቷ ነው።»

ጥያቄያቸውን ያኔ የደረደሩበትን ምክንያት በኋላ ደጋግሜ ግቢያቸው እየሄድኩ ነው ያወቅሁት። ስትሄድ ጭነት ላይ የምትዳከም መኪና ቤንዚን አንሷታል ወይም እሳቱ ሰንፏል። ስትጠፋ ካልቀዘቀዘች የማትነሳ ደግሞ ወይ ቦቢናዋ ወይ ኮንደንሰሯ በሙቀት እየደከመ ነው፤ አለዚያም ቤንዚኑ በፓምፑ ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ሆኗል። ይህን የመጨረሻውን እኛም በዓይናችን አይተነዋል። ወደ ጎጃም ስንሄድ ከጎሐ ጽዮን ወርደን፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግረን፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በጠመዝማዛው መንገድ ደጀን ድረስ ወጣን። ሻይ ለመጠጣት ቆምን። ስንመለስ አልነሳ አለች። የማራገቢያው ንፋስ ሲቆም የሞተሩ ግለት ወደ ፓምፑ ይወጣል፤ በከፍታ ደግሞ ቤንዚን ቶሎ ይፈላል። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጨርቅ በውኃ ነክሮ ፓምፑ ላይ ጠመጠመላት፤ ጥቂት ቆይታ ተነሳች። ባሻ ይህን ሲሰሙ፣ «ያ ሌላ በሽታ ነው፤ ከዚህኛው ጋር አታደባልቁት» አሉ። ሁለት በሽታ አንድ መኪና ላይ መኖሩ ስንቱን መካኒክ እንዳሳሳተ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

የእኛዋ ስትቆም ብቻ ነበር የምታነክሰው፤ ቤንዚን ሲሰጣት ትድናለች፣ ብትጠፋም ወዲያው ትነሳለች። ባሻ ይህን ከሰሙ በኋላ እጃቸውን በደረቅ ጨርቅ ጠቀለሉና ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ኬብሎቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመሩ። በቮልስ ላይ አንደኛና ሁለተኛ ሲሊንደር በቀኝ፣ ሦስተኛና አራተኛ በግራ ናቸው፤ እሳቱ የሚዞረው በ1-4-3-2 ተራ ነው። የአንደኛውን ሲነቅሉት ሞተሩ ክፉኛ ወደቀ፤ መለሱት። ሁለተኛውንም ሲነቅሉ እንደዚያው። ሦስተኛውን ሲነቅሉ ግን ድምፁ እምብዛም አልተለወጠም። አራተኛውንም እንዲሁ። ሁለቱ እየሠሩ አልነበረም ማለት ነው።

ቮልስ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ስለ ሦስተኛው ሲሊንደር ያስባል። በእነዚያ ዓመታት ሥሪት የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው በማራገቢያው ሣጥን ውስጥ፣ በሦስተኛው ሲሊንደር አናት ላይ ነው፤ ንፋሱ መጀመሪያ የሞቀውን ዘይት ነክቶ ነው ወደዚያ ሲሊንደር የሚደርሰው። ስለዚህ ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥ ይግላል፤ የጭስ ማውጫ ቫልቩም ቶሎ ይጎዳል። ፋብሪካው ይህን አውቆ ነው እ.ኤ.አ. ከ1971 ሥሪት ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከሣጥኑ ለብቻው ያወጣው። ግቢው ውስጥ የነበረ ሌላ መካኒክም፣ «ባሻ፣ ሦስተኛው ቫልቭ ተቃጥሏል፤ ሞተሩ ይውረድ» አለ። ሞተር ማውረድ ብዙ ወጪ ነው፤ የአባቴ ፊት ሲለወጥ አየሁ።

ባሻ ግን አልተስማሙም። «ሦስተኛው ብቻ ቢሆን እሺ። አራተኛው ምን አግኝቶት ነው አብሮ የደከመው? ሁለት ቫልቭ በአንድ ቀን አይቃጠልም። ሁለቱ በጋራ ያላቸው ምንድን ነው?»

ጥያቄው ለሰውየው ነበር፤ መልሱን ግን ራሳቸው አሳዩን። ካንዴላዎቹን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ በተራ ደረደሯቸው። የቀኞቹ ሁለቱ በጥላሸት ጠቁረዋል። የግራዎቹ ሁለቱ ጫፋቸው ነጭ ነው። በአንድ ካርቡራተር የሚመገቡ አራት ሲሊንደሮች ሁለቱ ጠግበው ሁለቱ ተርበዋል። በ1300 ሞተር ላይ የግራው ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ራስ) የቤንዚኑንና የአየሩን ቅልቅል የሚቀበለው በአንድ ቀዳዳ ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ያንን ቀዳዳ ይጋራሉ። ከካርቡራተሩ ግራና ቀኝ የሚወርደው ቧንቧ ከዚያ ቀዳዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አንድ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አለ። ባሻ ካንዴላዎቹን መልሰው ገጠሙ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ በቀጭን ብሩሽ የሞተር ዘይት ነክረው የመጋጠሚያውን ዙሪያ ቀቡት።

ማነከሷ ቆመ። ዘይቱ እስኪጠባ ድረስ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ፣ ቮልሷ ግቢው ውስጥ እንደ ልብስ ስፌት መኪና እኩል እየመታች ቆመች። ከማርሚታዋ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ወጣ፤ መጋጠሚያው ዘይቱን ውጦታል። ከዚያ እንደገና ማነከስ ጀመረች። ባሻ ብሩሹን ለአባቴ ሰጡትና ራሱ እንዲቀባ አደረጉት፤ ሲቀባ ተስተካከለች፣ ሲተው ተረበሸች። ይህን ያደረጉት አባቴ ሌላ ጊዜ ማንም እንዳያታልለው ይመስለኛል። አንዳንዱ በዘይት ፈንታ ቤንዚን ይረጫል፤ ባሻ ይህን በጣም ይቃወሙ ነበር፣ በጋለ ማርሚታ አጠገብ ቤንዚን መርጨት መኪናውንም ሰውየውንም ማቃጠል ነው ይሉ ነበር።

ታዲያ ስትቀዘቅዝ ለምን ደህና ሆነች? ይህ ነው ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ የሚያረካኝ ክፍል፤ የማሽን ነገር መውደድ የጀመርኩትም ከዚህ ይመስለኛል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ካርቡራተሩ አናት ላይ ያለው የቾክ ክዳን ዝግ ነው፤ አየር ስለሚከለክል ቅልቅሉ ይወፍራል፣ ሚኒሞውም ከፍ ብሎ ይያዛል። በመጋጠሚያው ሽንቁር የሚገባው ባዳ አየር በዚህ ውፍረት ውስጥ ይጠፋል፤ የግራዎቹ ሲሊንደሮች የሚበቃቸውን ያገኛሉ። የቾኩ የተጠማዘዘ ምላስ በኤሌክትሪክ ሲሞቅ ቀስ በቀስ ይከፈታል፣ ውፍረቱ ይቀንሳል፣ ሚኒሞው ይወርዳል። ያን ጊዜ የተደበቀው ይገለጣል። ሞተሩ ይበልጥ ሲግል ደግሞ ቧንቧውና ቴስታታው እኩል ስለማይለጠጡ የላላው መጋጠሚያ የባሰውን ይከፈታል። መኪናዋ ስትሮጥስ? ስትሮጥ ሞተሩ የሚምገው አየር ብዙ ነው፤ በዚያ ብዛት ላይ ትንሿ ሽንቁር የምትጨምረው ከቁጥር አይገባም። ስትቆም ግን ሞተሩ የሚምገው ጥቂት ነው፤ ያችው ሽንቁር ያን ጊዜ ድርሻዋ ትልቅ ይሆናል። ቤንዚን ስንሰጣት የምትድነውም ለዚህ ነበር።

ሽንቁሩ ከየት መጣ? ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሞተሩ ለፍሪሲዮን ሥራ ወርዶ ነበር። ሲመልሱት ቧንቧውን በአሮጌው ጓርኒሲዮን ላይ ገጥመውታል። አንድ ጊዜ የተጨፈለቀ ጓርኒሲዮን ሁለተኛ አይጨፈለቅም፤ ያደረገው ጋራዥ ግን በቸኮለ ልብ አድርጎታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከዚያ በኋላ የተደረገው ሁሉ፣ የካርቡራተሩን ብሎን ማዞሩም፣ ለተራቡት ሁለቱ ሲባል ጠግበው የነበሩትን ሁለቱን ማስተፋት ነበር። የቀኞቹ ካንዴላዎች የጠቆሩት፣ ቤንዚኑም ያለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አባቴ ሶማሌ ተራ ሄዶ አዲስ ጓርኒሲዮን ገዛ፤ ዋጋው ከአንዱ ካንዴላ ያነሰ ነበር። ባሻ ገጠሙት፣ ብሎኖቹን ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ እያጠበቁ አሰሯቸው። መኪናዋን ግን የዚያን ቀን አላስረከቡንም። «ትደር» አሉ። የቫልቩ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ነውና ማለዳ ከፀሐይ በፊት ደርሰን አገኘናቸው። መጀመሪያ ቫልቮቹን፣ ሁሉንም 0.15 ሚሊ ሜትር አድርገው። ቀጥሎ ፑንቲናውን (የዲስትሪቢዩተሩን መገናኛ)፣ 0.4 ሚሊ ሜትር። ፑንቲናው ሲበላ ክፍተቱ ይጠብባል፣ እሳቱም ይዘገያል፤ ስለዚህ ሦስተኛው ሥራ እሳቱን ማስተካከል ነው። ለዚህ አንድ የ12 ቮልት አምፖል በሽቦ ከዲስትሪቢዩተሩ ጋር አገናኝተው፣ ሞተሩን በእጅ እያዞሩ፣ አምፖሉ የሚበራበትን ቅጽበት ከፑሌጃው ምልክት ጋር ያገጣጥሙ ነበር። አምፖሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ካርቡራተሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ከሞቀች በኋላ ብቻ። ብሎኑን ወደ ውጭ እያላሉ ሞተሩ በጣም የሚፈጥንበትን ቦታ ፈለጉ፤ ከዚያ ትንሽ እስክትወርድ መልሰው አጠበቁ፤ ከዚያ ሩብ ዙር ለቀቁ። የዙር መለኪያ አልነበራቸውም። ጆሯቸው ግን ከየትኛውም መለኪያ አያንስም ነበር፤ ይህን የምለው ስላደነቅኋቸው ብቻ አይደለም፣ በዚያ ግቢ ከወጡ መኪናዎች ማዘጋጃ ቤት ጋ የጠፋ ስላልሰማሁ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው። ቫልቭ፣ ፑንቲና፣ እሳት፣ ካርቡራተር። ካርቡራተሩ መጨረሻ የሚመጣው የሌሎቹን ሁሉ ስህተት መሸፈን ስለሚችል ነው። ብሎኑ ለእጅ ቅርብ ነው፣ ሲያዞሩት ድምፁ ወዲያው ይለወጣል፣ ባለቤቱም ይደሰታል። እንዲህ ያለ ሥራ እጅግ ብዙ ሞተር አበላሽቷል።

ባሻ ካረፉ ቆይተዋል። ቮልሷም አባቴ ጡረታ ሲወጣ ተሸጠች፤ የገዛት ሰው ለዓመታት ሲነዳት አይቻለሁ። የመጨረሻዋ የዚያ ዓይነት ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ከፋብሪካ ወጥታለች፤ በአጠቃላይ 21,529,464 ተሠርተዋል። በአገራችን ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ዛሬ በቸርችል ጎዳና የሚወጡት አዲሶቹ ቮልስዋገኖች በባትሪ የሚሄዱ ናቸው፤ ሲቆሙ ሞተራቸው አብሮ ይቆማልና ሚኒሞ የሚባል ነገር የላቸውም። ይህ መጥፎ ነው አልልም፤ የአዲስ አበባን ጭስ ያየ ሰው አይለውም። ግን በየሰፈሩ ገና የሚሠሩ አሮጌ ቮልሶች፣ ፊያቶች፣ ፔጆዎችና ላዳዎች አሉ፤ እነሱን ማዳመጥ የሚያውቁ ሰዎችም አሉ፣ ቁጥራቸው ግን እያነሰ ነው። የሚያውቁት በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ያልተጻፈ ደግሞ ከሰውየው ጋር ይቀበራል። የቴክኒክ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪዎቻቸውን አንድ ወር እንኳ ወደ እንዲህ ያሉ ግቢዎች ቢልኩ፣ የሰሙትንም በአማርኛ ቢያስጽፏቸው ምንኛ በጠቀመ።

አሮጌ መኪና ያላችሁ ወገኖች፣ ስትሞቅ የምታነክስ ከሆነ መጀመሪያ አሙቋትና ወደ መካኒክ ሂዱ፤ ቀዝቃዛ አትውሰዷት። ኬብሉን አንድ በአንድ እየነቀለ የደከመውን ሲሊንደር እንዲፈልግ ጠይቁት። ካንዴላዎቹን በተራቸው ደርድራችሁ ቀለማቸውን አስተያዩ። መጋጠሚያዎቹን በዘይት ቅቡ። ሞተር ከወረደ፣ ጓርኒሲዮኑ አዲስ መሆኑን ቆማችሁ እዩ። ይህ ሁሉ ሳይደረግ ካቻቢቴ ይዞ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄድ ሰው ካያችሁ፣ አመስግናችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉት።